ሁለት ስኳር ያለባቸው ድመቶች በአንድ ቤት፦ የቱን ልምረጥ?

እማዬ ከአዲስ አበባ ደውላ፣ "ድመት ደግሞ ስኳር ይይዛታል እንዴ?" ብላ የሳቀችው ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። እሷ ራሷ ስኳር አለባት። "ለእኔ ኪኒን፣ ለድመት መርፌ! ጉድ እኮ ነው!" አለች። አልፈረድኩባትም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ባለ አንድ መኝታ አፓርታማዬ ውስጥ ለወራት ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት፣ በቀን አራት መርፌ ስወጋ ቆይቻለሁ።

መጀመሪያ የታመመው ሽሮ ነው። ስሙ እንደሚያሳብቅበት መልኩ የሽሮ ዱቄት የመሰለ፣ ሰባት ኪሎ የሚመዝን የተኮላሸ ወንድ ነው። ከሶፋ ለመውረድ እንኳ ሁለት ጊዜ የሚያስብ። ውሃ ሲጠጣ ይውልና የአሸዋ ሳጥኑ ውስጥ ቡጢ የሚያክል የሽንት ጓል ትቶ ይወጣል። በኋለኞቹ እግሮቹ እንደ ጥንቸል ተረከዙን መሬት እያስነካ መራመድ ሲጀምር ነው ሐኪም ጋ የወሰድኩት። ጥቁሯ ኑግ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ተከተለችው። ከእሱ ተላልፎባት አይደለም፤ ስኳር አይተላለፍም። ግን አንድ ቤት፣ አንድ ዓይነት ደረቅ ምግብ፣ አንድ ዓይነት ስንፍና ነበራቸው። ውፍረት ደግሞ የድመትን ስኳር ከሚጠሩት ነገሮች ዋነኛው ነው።

አንድ ድመት ብቻ የታመመበት ሰው የሚጠይቀው "የትኛው መድኃኒት ይሻላል?" ብሎ ነው። ሁለት ሲሆኑ ጥያቄው ይቀየራል። "ከሥራ ሞቼ ስገባ፣ ዓይኔ እየተከደነ፣ የማልሳሳተው የትኛውን ይዤ ነው?" የሚለው ይቀድማል። ከዚህ በታች የማወዳድረው ሁሉ በዚህ ሚዛን ነው። መጠኑን የሚወስነው ሐኪማችሁ ነው፤ እኔ የማወራው ስለ ቤቱ አያያዝ ነው።

አንድ ዓይነት ኢንሱሊን ወይስ የየራሳቸው?

አሜሪካ ውስጥ ለድመት ሲታዘዙ የምትሰሟቸው በዋናነት ሦስት ናቸው። ግላርጂን፣ ብዙ ሰው ላንተስ በሚለው ስሙ የሚያውቀው፣ ለሰው የተሠራ ነው፤ የእንስሳት ሐኪሞች ለድመትም ያዙታል። ፕሮዚንክ ለእንስሳት የተሠራ ሲሆን በ2009 ለድመት ተፈቅዷል። ቬትሱሊን ደግሞ ከአሳማ የሚገኝ ነው። (ይህን ለእማዬ አልነገርኳትም።) ቬትሱሊን ብዙ ድመቶች ላይ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ጉልበቱ ያልቃል፤ ስለዚህ ምርጫው ብዙ ጊዜ በሁለቱ መካከል ነው።

በጥራት ከሆነ ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ልዩነቱ በአንድ ሚሊ ሊትር የሚይዙት መጠን ላይ ነው። ግላርጂን በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ይይዛል። ፕሮዚንክና ቬትሱሊን 40 ናቸው። መርፌያቸውም የተለያየ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የ40ው ክዳን ቀይ፣ የ100ው ብርቱካናማ ነው። አሁን አስቡት። አንዱ ድመት በግላርጂን፣ ሌላው በፕሮዚንክ ነው። ቀዩንና ብርቱካናማውን ለመለየት ከሌሊት ፈረቃ የተመለሰ ዓይን አይታመንም። ግላርጂንን በቀዩ መርፌ ቀድታችሁ 2 ላይ ብትቆሙ፣ ድመቷ ውስጥ የገባው 2 ሳይሆን 5 ዩኒት ነው። ሁለት እጥፍ ተኩል ማለት ነው፤ ትንሽ ድመትን ሊገድል ይችላል።

አያያዛቸውም አይገጥምም። ግላርጂን እንደ ውሃ የጠራ ነው፤ ከደፈረሰ ይጣላል። ፕሮዚንክ ተፈጥሮው ድፍርስ ነው፤ ከመቀዳቱ በፊት በመዳፍ መካከል በቀስታ ይንከባለላል። ቬትሱሊን በደንብ ይናጣል። አንድ ፍሪጅ ውስጥ "ከደፈረሰ ጣለው" እና "ካልደፈረሰ አትጠቀመው" የሚሉ ሁለት ሕጎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አይታያችሁም?

ስለዚህ የእኔ ፍርድ፦ ሐኪሙ እሺ ካለ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ኢንሱሊን፣ አንድ ዓይነት መርፌ። ብልቃጡን መጋራት ይቻላል፤ መርፌውን ግን በፍጹም።

ሁለት ድመት መኖሩ ሒሳቡንም ያቃናዋል። ሁለቱም ሁለት ሁለት ዩኒት፣ በቀን ሁለት ጊዜ ይወሰዳሉ እንበል፤ በቀን 8 ዩኒት ነው። የግላርጂን አንድ ፔን (በብዕር ቅርጽ ተሞልቶ የሚሸጠው) 300 ዩኒት ስለሚይዝ 37 ቀን ያህል ያስኬዳል። የ10 ሚሊ ሊትሩ ትልቅ ብልቃጥ 1000 ዩኒት ነው፤ ለ125 ቀን ይበቃል። የላንተስ ወረቀት ከተከፈተ በ28 ቀን ጣሉት ይላል። ብዙ የእንስሳት ሐኪሞች ፍሪጅ ውስጥ ከሆነና ጠርቶ ከቆየ ትንሽ እንዲረዝም ይፈቅዳሉ፤ አራት ወር ግን ብዙ ነው። አንድ ድመት ብቻ ያለው ሰው ፔኑን ግማሽ ላይ ሲጥል እኛ ጨርሰን ነው የምንጥለው። ከድርብ ችግር የተገኘች አንዲት ትርፍ ይህች ናት። የፕሮዚንክ 10 ሚሊ ሊትር 400 ዩኒት ነው፤ በዚያው ስሌት 50 ቀን ይሄዳል።

ስለ ዋጋ አንድ ነገር። አምራቹ ሳኖፊ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የላንተስን ይፋዊ ዋጋ 78 በመቶ ቀንሷል፤ ወደ 300 ዶላር ይጠጋ የነበረው ብልቃጥ 64 ዶላር ገባ። ከዚያ በፊት "ግላርጂን ውድ ነው" ብሎ የመከራችሁ ሰው ካለ ምክሩ ጊዜው አልፎበታል።

አንድ ዓይነት ኢንሱሊን የማይሠራበት ጊዜ አለ። አንዳንድ ድመቶች የእድገት ሆርሞን በዝቶባቸው እጅግ ከፍ ያለ መጠን ይፈልጋሉ። አንዷ 1 ዩኒት፣ ሌላው 10 ዩኒት ከሆነ፣ ብልቃጡ አንድ ቢሆንም ድመቱን መሳሳት ራሱ አደጋ ነው። እዚያ ቤት ዋናው ሥራ ድመቶቹን በተለያየ ክፍል መውጋት ነው።

አንዷን በአፍ በሚሰጥ፣ ሌላውን በመርፌ?

ይህ የእኔው ጣጣ ስለነበር ትንሽ ልዘግይበት። ለድመት ስኳር በአፍ የሚሰጡ ሁለት መድኃኒቶች አሜሪካ ውስጥ ተፈቅደዋል፤ ቤክሳካት በ2022 መጨረሻ፣ ሴንቬልጎ በ2023። ቤክሳካት ኪኒን ነው፣ ሴንቬልጎ ፈሳሽ። ሁለቱም በቀን አንድ ጊዜ ይሰጣሉ። የሚሠሩት በኩላሊት በኩል ነው፤ ትርፉን ስኳር በሽንት ያስወጡታል። የኑግ ስኳር ሲታወቅ ሐኪሟ ይህን አማራጭ አቀረበልኝ። በእውነት ልቤ ሄዶ ነበር። በቀን አንድ ጠብታ ነገር አፏ ውስጥ ማድረግ ማለት እኮ ዕረፍት ነው።

ግን እነዚህ መድኃኒቶች ኢንሱሊን ጀምሮ ለሚያውቅ ድመት አይደሉም። ሽሮ ከዓመት በላይ ስለተወጋ በሩ ተዘግቶበታል። ስለዚህ ምርጫው "ሁለቱም በአፍ" አልነበረም፤ "ኑግ በአፍ፣ ሽሮ በመርፌ" ነበር። እዚህ ላይ ሁለት ነገር አስፈራኝ።

አንደኛው ፈሳሹ ነው። ትንሽ ምግብ ላይ ተደርጎ መስጠት ይቻላል። ሽሮ ደግሞ የሰው ሳህን ሳይቀምስ የማያድር ፍጡር ነው። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይባል የለ? ኢንሱሊን ላይ ያለ ድመት ያንን መድኃኒት ቢልሰው ኪቶአሲዶሲስ የሚባለው፣ ደም በአሲድ የሚሞላበት አደገኛ ሁኔታ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ሁለተኛው የባሰ ነው። በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ ያለ ድመት፣ የደሙ ስኳር መለኪያው ላይ ደህና ሆኖ እያለ ያው ኪቶአሲዶሲስ ሊይዘው ይችላል። የምታውቁት በቁጥር ሳይሆን በሁኔታው ነው፤ መብላት ያቆማል፣ ያስመልሰዋል፣ ይፈዛል። ሁለት ድመት ከአንድ ሳህን በሚበላበት ቤት ደግሞ "ማን አልበላም?" ለሚለው መልስ የለም። ያስመለሰውም ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ምንጣፍ ላይ ስም አይጻፍም።

ያም ሆኖ መድኃኒቶቹን አላጣጥልም። ሁለቱም ድመቶቻችሁ አዲስ ታማሚ ከሆኑ፣ ኩላሊታቸውና ጉበታቸው ተመርምሮ ደህና ከተባለ፣ ለየብቻ መመገብ ከቻላችሁ፣ መርፌ ደግሞ የሚያርዳችሁ ከሆነ፣ በአፍ የሚሰጠውን ከሐኪማችሁ ጋር በደንብ ተነጋገሩበት። መርፌ ፈርቶ ድመቱን ለሞት ከመስጠት ሺህ ጊዜ ይሻላል። አንዱ በመርፌ፣ ሌላው በአፍ የሚለው ድብልቅ ግን ለእኔ ቤት አልሆነም። ኑግንም በግላርጂን ጀመርናት።

ምግብ

እዚህ ሁለቱም መታመማቸው ሥራ ያቀላል። አንድ ታማሚና አንድ ጤነኛ ያለው ሰው ሁለት ምግብ ሲያስጠብቅ ይውላል። የእኛዎቹ አንድ ዓይነት ይበላሉ፤ ካርቦሃይድሬቱ ዝቅ ያለ የጣሳ ምግብ። ብዙው ደረቅ ምግብ ከጉልበቱ 30 በመቶና ከዚያ በላይ የሚያገኘው ከካርቦሃይድሬት ነው፤ የምትፈልጉት ከ10 ወይም 12 በመቶ በታች ነው። በጾም ወራት ቤታችን ሥጋ አይገባም፤ ከእነሱ ጣሳ በቀር። ሚያዝያም ይሁን ነሐሴ ድመት አይጾምም።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንድ ቦታ አለ። ኢንሱሊን ላይ ያለን ድመት ከደረቁ ወደ ጣሳው በአንድ ጊዜ ብታዞሩት፣ የኢንሱሊኑ መጠን በድንገት ይበዛበታል። ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። ቀድማችሁ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ሁለቱንም በአንድ ሳምንት አትቀይሩ። አንዱን አስተካክላችሁ ወደ ሁለተኛው እለፉ።

አንደኛው የኩላሊት በሽታ ከተጨመረበት ይህ ቀላልነት ያበቃል። የኩላሊት ምግብ ፕሮቲኑና ፎስፈረሱ ዝቅ ያለ ነው፤ ካርቦሃይድሬቱ ግን ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። ያኔ ሳህን መለየት ግድ ነው።

ለመለየት ሁለት መንገድ ሞክሬያለሁ። በማይክሮቺፕ የሚከፈተው ሳህን ድመቱ ቆዳ ውስጥ ያለውን ቺፕ አንብቦ ለባለቤቱ ብቻ ይከፈታል። ቀኑን ሙሉ ውጭ ለሚውል ሰው ግሩም ነገር ነው። ግን አንዱ ከመቶ ዶላር በላይ ነው፤ ሁለት ያስፈልጋል። ሽሮም በሁለተኛው ሳምንት ብልሃቱን አገኘው። ኑግ ስትበላ ከጎን ቀርቦ በትከሻው ገፋ ያደርጋትና ክዳኑ ሳይዘጋ ጭንቅላቱን ያስገባል።

ሁለተኛው መንገድ ነፃ ነው፤ በር። ኑግ መታጠቢያ ቤት፣ ሽሮ ማዕድ ቤት፣ ሃያ ደቂቃ። ከዚያ ሳህኖቹ ይነሳሉ። ማን እንደበላ፣ ማን እንደተወ በዓይኔ አያለሁ። በሰዓቱ ቤት መድረስ ለሚችል ሰው እኔ ከሳህኑ በሩን እመርጣለሁ። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ከወጥ ላይ እየቆረሰ የሚወረውርላቸውን አስቁሙት። የስኳሩ ነገር ቢቀር እንኳ ሽንኩርት ለድመት መርዝ ነው።

መለካት

የአሸዋ ሳጥኑን እርሱት። ለአንድ ድመት የጓሉ መጠን ጥሩ ምልክት ነው፤ ለሁለት ግን የማን እንደሆነ አታውቁም። በሽንት ወረቀት መለካትም እንደዚያው ነው። ክሊኒክ ብቻ ሄዶ መለካትም አያዋጣም፤ ድመት ሲፈራ ስኳሩ ይወጣል፤ ሐኪሙ ቤት የሌለ ቁጥር ያያል። ሁለት ድመት በቅርጫት አስገብቶ አውቶቡስ ላይ የወጣ ሰው ደግሞ የራሱም ስኳር ይወጣል።

የቀሩት ጆሮ ወግቶ በደም ጠብታ መለካትና ቆዳ ላይ ሆኖ ስኳሩን የሚከታተል ሴንሰር ናቸው። ሴንሰሩ፣ ፍሪስታይል ሊብሬ፣ ለሰው የተሠራ ነው፤ ጸጉሩ ተላጭቶ ቆዳው ላይ ይለጠፋል፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ይሠራል ተብሎ። ድመት ላይ ያን ያህል መቆየቱን አትጠብቁ። ሽሮ ላይ ያስለጠፍነውን ኑግ ስትልሰው ስትልሰው በአምስተኛው ቀን አወለቀችው። አንድ ስልክ ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚከታተለው አንድ ሴንሰር ነው። ስለዚህ ለሁለቱ በአንዴ ከመለጠፍ ይልቅ፣ መጠኑ እየተቀየረ ላለው ድመት ብቻ ተጠቀሙበት፤ ያንን ሳምንት ከሌላው ለዩት።

ለዕለት ዕለቱ የጆሮ ጠርዝ ይሻላል። ካልሲ ውስጥ ሩዝ አድርጋችሁ አሙቁና ጆሮው ላይ ለአንድ ደቂቃ ያዙለት፣ ስስ ቫዝሊን ቀቡት፣ ጠርዙን ወጋ አድርጉት። ጠብታዋ ጸጉሩ ውስጥ ሳትሰርግ ዶቃ መስላ ትቆማለች። እንደ አልፋትራክ ያለ ለእንስሳት የተሠራ መለኪያ ከሰው መለኪያ ይመረጣል፤ የሰው መለኪያ ለድመት ከእውነቱ ዝቅ ያለ ቁጥር የመስጠት ዝንባሌ አለው። አንድ መለኪያ ለሁለቱም ይበቃል። በሁለት መርፌ መካከል ስኳራቸው በጣም በሚወርድበት ሰዓት ከ80 እስከ 150 (mg/dL) ባለው ውስጥ ቢያርፉ ጥሩ ነው። "ከስንት በታች ከሆነ አልውጋ?" የሚለውን ቁጥር ግን ለእያንዳንዱ ድመት ለየብቻ ከሐኪሙ አጽፉ።

ማን ወጋ? ማንን ወጋ?

ለእኔ ከኢንሱሊኑም፣ ከምግቡም የሚበልጠው ይህ ነው። ትምህርቱ ውድ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሠርግ ነበረብኝ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሁለቱንም ወግቼ ወጣሁ። የማታውን እንድትወጋልኝ ለእህቴ ልጅ ፍሪጁ ላይ ጽፌ ለጠፍኩ። "ሽሮ፣ 1 ሰዓት፣ 2 ዩኒት። ኑግ፣ 1 ሰዓት፣ 1 ዩኒት።" ልጅቷ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ፊደል ማንበቧ የቤተሰቡ ኩራት ነው። አነበበችው። ለእሷ ግን 1 ሰዓት ማለት ከቀትር በኋላ ያለው የአሜሪካ 1 ሰዓት ነው። በዚያው ሰዓት ሁለቱንም ወጋች። ከጠዋቱ መርፌ ስድስት ሰዓት እንኳ በቅጡ ሳያልፍ።

ከሦስት ሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። "አክስቴ፣ ሽሮ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ ነው።" ሙዚቃው መሃል ቆሜ "ማር! ጣትሽ ላይ ማር አድርጊና ድዱን እሺው!" እያልኩ ስጮህ ሚዜዎቹ ዞረው አዩኝ። ድንገተኛ ክሊኒክ ሲደርስ ስኳሩ 38 ነበር። አንድ ሌሊት አድሮ ተረፈ። ኑግ አነስ ያለ መጠን ስለነበራት በምግብ አለፈላት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጅቷ የተጻፈላትን ነው ያደረገችው።

ከዚያ በኋላ የመመዝገቢያ ዘዴዎችን አንድ በአንድ ሞከርኩ። ደብተር ጥሩ ነው፤ ግን መጻፍ ይረሳል፤ "ወግቼ ሳልጽፍ ነው ወይስ ሳልወጋ?" የሚለው ጭንቀት ይመጣል። የስልክ መተግበሪያ ለእኔ ብቻ እንጂ ቤት ላለ ሰው አይታይም። የረዱኝ ሁለት የፕላስቲክ ኩባያዎች ናቸው። ቀዩ የሽሮ፣ ጥቁሩ የኑግ። ጠዋት በእያንዳንዱ ውስጥ ሁለት ባዶ መርፌ አስቀምጣለሁ፤ የጠዋትና የማታ። የተወጋበት መርፌ የልብስ ፈሳሽ ሳሙና ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። ኩባያው ውስጥ አንድ ከቀረ የማታው ቀርቷል። ባዶ ከሆነ አልቋል። ማንበብ አይፈልግም፣ ሰዓት አይፈልግም። ወረቀት ላይ አሁን የምጽፈው "ጠዋት" እና "ማታ" ብቻ ነው።

ተጠራጥራችሁ ቢሆንስ? አትውጉ። አንድ መርፌ መዝለል ድመትን አይገድልም፤ መድገም ይገድላል። ግማሹ ፈስሶ ጸጉሩን ያረጠበ ከመሰላችሁም አትድገሙ።

መርፌውን እንዲወጋላችሁ የምትለምኑት ሰው ስትመርጡም ያው ሚዛን ይሠራል። ድመት ከሚወድ ጎረቤት ይልቅ ሰው አክሞ የሚያውቅ ወዳጅ ይሻላል። በሰፈራችን ነርስና የአረጋውያን ተንከባካቢ ሐበሻ ሞልቷል፤ ጓደኛዬ ድመት ትጠላለች፣ ግን መርፌ አትሳሳትም። ለሳምንት ስሄድ የምጠራት እሷን ነው። ክሊኒክ ማሳደር ለሁለት ድመት ሁለት ሒሳብ ነው፤ ሽሮ ደግሞ እዚያ ሲሄድ ምግብ ይዘጋዋል።

ኑግ በአራተኛው ወር ኢንሱሊን አቆመች። ቶሎ የተጀመረላቸውና ምግባቸው የተስተካከለ ድመቶች ላይ ይህ ይሆናል፤ ሽሮ ላይ አልሆነም። ሐኪሟ መጠኑን ከግማሽ ወደ ምንም ሲያወርድላት በየቀኑ ጆሮዋን እለካ ነበር፤ ስኳሩ ሊመለስ ስለሚችል አሁንም በሳምንት አንድ ጊዜ እለካታለሁ። ካቆመች በሦስተኛው ማታ ግን ሽሮን ወግቼ ዞር ስል እጄ በልማድ ወደ ጥቁሩ ኩባያ ሄዶ መርፌ አንስቷል። ጠዋት ከልማድ ሞልቼው ኖሯል። ክዳኑን ልነቅል ስል ነው የነቃሁት። የዚያኑ ማታ መርፌዎቹን አውጥቼ ኩባያውን ወደ መታጠቢያ ቤት ወሰድኩት። አሁን የጥርስ ብሩሼ ውስጡ ነው።